አራት ቀዳዳ

ለዚያ ሰው የነፈግኩት አራት ቀዳዳ ነው። እያንዳንዱ የምስር ፍሬ የማያክል፣ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ የሚበሳ አራት ቀዳዳ። ሌላው ሰው ፍቅሩን የሚያበላሸው በቅናት ነው፣ በወሬ ነው፣ በዘመድ ጣጣ ነው። እኔ በቀዳዳ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ እኔም አንዳንዴ ሳቄ ይመጣና በእንባ ያልቃል።

ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መንደፍ ነው። ሬዲዮ ሲፈታ ከውስጥ የሚወጣውን ያን ሰሌዳ አስቡት፤ የመዳብ መስመሮቹ በየት ይለፉ፣ የትኛው ዕቃ የት ይቀመጥ የሚለውን ኮምፒውተር ላይ የምወስነው እኔ ነኝ። ከአንድ የጎማ መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰባት ሆነን ነው የምንሠራው። በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ሚሊሜትር ነው የሚሉኝ። ቦርድ ላይ አንዲት ሚሊሜትር ያለ ሥራ ተቀምጣ ካየሁ ያመኛል። ይሄን ጠባዬን ሙያ ነው ብዬ ስኩራራበት ኖሬያለሁ።

እሱን ደግሞ ባለ ኪሱ አሉት። ለቦርዶቻችን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ሳለ ነው ተቀጥሮ የመጣው። ከመጣበት ቀን ጀምሮ ቀኝ እጁ ከሱሪ ኪሱ አይወጣም፤ ሲገባም፣ ሲወጣም፣ አለቃችን ሲያናግሩት እንኳ። ኮምፒውተሩን በግራ እጁ ብቻ ነው የሚነካው፤ ያም ሆኖ በሁለት እጁ ከሚጽፈው ሰው ይፈጥናል። ጉረኛ ነው ተባለ። እኔም ከሚሉት ጋር አልኩ።

በሦስተኛው ቀን አንድ አሮጌ ቦርድ ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

«ይሄን የነደፍሽው አንቺ ነሽ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ልጅ ሆነሽ የምትተኚበት ቦታ ጠባብ ነበር?»

ስድስት ሆነን ሁለት ክፍል ውስጥ ነው ያደግነው። የኔ መኝታ በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መሃል ነበር፤ ለመገላበጥ እንኳ ታናሽ እህቴን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ ውስጥ ቀልድ የለም። ሥራዬን ብዙ ሰው አይቶታል፤ በሥራዬ ውስጥ እኔን ያየኝ ግን አልነበረም። ሥራ የለህም እንዴ ብዬ አባረርኩት። እሱ ሄደ፤ እኔ እስከ መውጫ ሰዓት አንድ መስመር አልሣልኩም።

ከዚያ በኋላ ምሳችንን ደረጃው ላይ አብረን መብላት ጀመርን። ብዙ አያወራም። እኔ ስለ ቦርድ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ አውቶቡስ ግፊያ ስለፈልፍ እሱ ይሰማል። ሻይ ሲያዝ ሁልጊዜ «ግማሽ» ይላል፤ ሻይ ቤት ያለችው ልጅ ረስታ ሙሉ ከቀዳችለት ብርጭቆውን አይነካውም፤ እኔ ግማሹን ወደ ብርጭቆዬ እስክቀንስለት ይጠብቃል። ስንሄድ ሁልጊዜ በግራው በኩል ያስኬደኛል። ይሄን ሁሉ ጨዋነት ነው ብዬ ወሰድኩት። ዓይን ተሰጥቶኝ ሳላይበት ኖርኩ።

በአራተኛው ወር፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ወደ እኔ ሳይዞር «እናትሽን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለኝ። አንዲት ሴት ልጅ ከምትወደው ሰው አፍ ይሄን ስትሰማ ምን እንደምትሆን የደረሰባት ታውቀዋለች። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈርኩም። ከአንድ ወር በኋላ ላለው እሑድ ተቀጣጠርን። ወር ያልነው እናቴ ቤቱን ቀለም ላስቀባ ብላ ነው።

በዚያው ሳምንት ነው ያ ሥራ የመጣው። አንድ ክትባት የሚያከፋፍል ድርጅት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ አዘዘን፤ አራት መቶ ፍሬ። መሣሪያው ከአውራ ጣት በማይወፍር ቱቦ ውስጥ መግባት አለበት። እንዲህ ያለ ጠበብ ያለ ነገር ለኔ ድግስ ነው፤ በሁለት ቀን ነድፌ ጨረስኩት። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማገናኛው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦርዱ አንጎል የሆነው ቺፕ ከፋብሪካ ሲመጣ ባዶ ነው፤ ፕሮግራሙ ከኮምፒውተር በገመድ ይጫንበታል። ገመዱ ደግሞ ቦርዱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ያሉትን የማገናኛ ዓይነቶች አለቃችን ነጭ ወረቀት ላይ ደረደሯቸው። አንደኛው የድሮው ነው፤ ፒን የሚባል አሥር ቀጭን የብረት ዘንግ በሁለት ረድፍ የቆመበት፤ እሱ ከተቀመጠ ሌላ ዕቃ አይቀመጥም። ሁለተኛው የዚያው ዓይነት ሆኖ በግማሽ ያነሰ ነው፤ ግን ቁመቱ ቱቦውን ይነካል፤ ፒኖቹም ክር ያክላሉ። ሠላሳ ዓመት ሲበይዱ የኖሩት እትዬ ብየዳ እሱን አንስተው አዩና፣ ይሄን አራት መቶ ጊዜ ከምበይድ ዓይኔን አውጥታችሁ ውሰዱት አሉ።

ሦስተኛው ቦርዱ ላይ ምንም ዕቃ አይፈልግም። ስድስት የወርቅ ነጥብ ብቻ ታትማለህ፤ ገመዱ ጫፉ ላይ ሲጫኑት ገባ የሚል ስድስት መርፌ አለው፤ መርፌዎቹን ነጥቦቹ ላይ ተጭነህ ፕሮግራሙን ትልካለህ። በዚህ ሁላችንም ተስማማን። ግን እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ባለ እግሩ አራት የፕላስቲክ እግር አለው፤ እግሮቹ አራት ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ቀጭ ይላሉ፤ ገመዱ ራሱን ችሎ ይቆማል። እግር አልባው ያነሰ ነው፤ ቀዳዳ አያስፈልገውም፤ ግን ፕሮግራሙ ተጭኖ እስኪያልቅ አንድ ሰው በእጁ ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት።

ባለ ኪሱ ባለ እግሩ ይሁን አለ። ቦታ የለም አልኩ። እስቲ አንድ ጊዜ ደግመሽ እዪው አለ። ሳላየው የለም አልኩ፤ አራቱ ቀዳዳ አራት ሚሊሜትር ይበላል፣ አራት ሚሊሜትር ከየት አባቴ ላምጣ አልኩ። ሰው ሁሉ ፈገግ አለ፤ ሚሊሜትር ሥራዋን ጀመረች በሚል። እሱ ተነስቶ እኔ ወዳለሁበት መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እባክሽ» አለኝ።

ምላሴን በቆረጠው።

«ምነው፣ አንድ ደቂቃ ገመድ መያዝ ያቅትሃል?» አልኩት።

ሳቁ። እትዬ ብየዳ ብቻ አልሳቁም። እሱ አየኝ። ያንን አስተያየት ዛሬም ፊቴን ስታጠብ መስተዋቱ ውስጥ አገኘዋለሁ። ከዚያ «ይሁን» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ አራት ሚሊሜትር አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቦርዶቹ ታትመው እስኪመጡ ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያ መሃል እየራቀኝ ሄደ። ደረጃው ላይ አርፍዶ ይመጣል፣ ሻዩን ትቶ ይነሳል፣ ምን ሆንክ ስለው ሥራ በዛብኝ ይላል። የቀጠርነው እሑድ ደረሰ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ የቀለሙ ሽታ ባልለቀቀው ክፍል ውስጥ፣ በሩን እያየች ተቀመጠች። ሰባት ጊዜ ደወልኩለት። ስልኩን አላነሳም። አመሻሽ ላይ እናቴ ምንም ሳትል ቀሚሷን ቀይራ መጥታ ዕቃውን ማንሳት ጀመረች። ያ ዝምታዋ አንጀቴን በላው፤ ብትሰድበው ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ቦርዶቹም መጡ፣ እሱም መጣ። ጉንጩ ላይ የምላጭ ቁስል አለ። ለምን ቀረህ አልኩት።

«ደረጃው ላይ አትጠብቂኝ» አለኝ። «ከእንግዲህ አትጠብቂኝ።»

ይሄን ብሎ ትንሿ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ፕሮግራም የሚጫነው እዚያ ነው። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ።

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ሕግ አለ፤ የሞተ ቦርድ ያለ ወረቀት አይጣልም። ቢጫ ካርድ ይታሰርበትና የሞተበት ምክንያት ይጻፍበታል፤ አለቃችን ካርዱን አንብበው ነው ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያውቁት። ሌሎቻችን በእስክሪብቶ እንጽፋለን። እሱ በማሽን አትሞ ይለጥፋል፤ ለዚህም ይቀለድበት ነበር።

እስከ ረቡዕ አርባ ቦርድ ሠራ፤ አሥራ አንዱ ሞቱ። አራት መቶ ተብሎ ቅዳሜ መኪና ለሚመጣበት ሥራ ይሄ እልቂት ነው። አለቃችን አሥራ አንዱን ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው ካርዶቹን አነበቡ። ሁሉም ላይ አንድ ነገር ነው የታተመው፤ «የፕሮግራሙ ስህተት»። ፕሮግራሙ የሱ ነው፤ ስህተቱም የሱ ሆነ። አለቃችን ንዴታቸውን ዋጥ አድርገው ሐሙስ የክፍሉን ቁልፍ አስረክቦ እንዲሄድ ነገሩት። እሱ «እሺ» አለ። ጃኬቱን በግራ እጁ አንስቶ ወጣ።

ቦርዶቹን እኔ አየኋቸው። ፕሮግራም እንዲህ አይገድልም። ቺፖቹ ተቃጥለዋል፤ ያ የሚሆነው ገመዱ ተንሸራቶ ኤሌክትሪክ የሚያስገባው መርፌ ጎረቤት ነጥብ ላይ ሲያርፍ ነው። የያዘው እጅ ሲያመልጠው ማለት ነው። ታዲያ ለምን በራሱ ፕሮግራም ላይ ይዋሻል ብዬ ትንሿ ክፍል ገባሁ። መሳቢያውን ስስብ የልብስ መቆንጠጫ አገኘሁ። አንድ አይደለም፤ ሃያ ይሆናል። አንዳንዱ ጫፉ በቢላ ተቀርጿል፣ አንዳንዱ በላስቲክ ተጠፍንጓል፣ አብዛኛው ተሰብሯል። ገመዱን የሚይዝለት ነገር ሲሠራ ከርሟል። አንድ ደቂቃ በእጁ ላለመያዝ ይሄን ሁሉ የሚደክም ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ቆምኩ፤ ከዚያ ኪሱ ትዝ አለኝ። ግማሹ ሻይ ትዝ አለኝ። ምላጩ ትዝ አለኝ። የሱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

እትዬ ብየዳ ቤቱን ያውቁታል፤ በአንድ አውቶቡስ ነው የሚሄዱት። የት እንደሆነ ስጠይቃቸው የብየዳ ብረታቸውን አስቀምጠው አዩኝ። እሳቸው እጁን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያዩት። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው፣ የሰው ገመና ነው ልጄ፣ ራሱ እስኪገልጠው ይጠበቃል አሉኝ።

አመሻሹ ላይ ቤቱ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንድ ሽማግሌ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው እስከ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ራሳቸው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ደጅ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ራሴ እምቢ ሲል አትስሚው» አሉኝ። «እኔ ግቢ ነው የምለው። ሚሊሜትር አንቺ ነሽ?»

አባቱ ናቸው። አወሩኝ፤ ቃላቸው ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ ግን ጨዋታ ያውቃሉ። የሳቸው እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው በሃምሳ ዓመታቸው ነው። የልጃቸው በሃያ ስምንት። መጀመሪያ ቀኙ፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ግራው። መድኃኒቱ ያረጋጋዋል እንጂ አያድነውም። እሑድ ጠዋት እኔ ጋ ሊመጣ ተነስቶ ሲላጭ ራሱን ቆረጠ፣ ከዚያ የሸሚዙ ቁልፍ አልገባ አለው። ልርዳህ አሉት።

«ሁለት ሰው፣ አራት እጅ ይዘን፣ አንድ ቁልፍ አቃተን» አሉኝ። «እኔ መሳቅ ጀመርኩ። እሱ ግን ሸሚዙን አውልቆ ተኛ።»

እናቴ ቀሚሷን ለብሳ በሩን ስታይ፣ እሱ እዚህ ቁልፍ ሲታገል ነበር።

መድኃኒት ይዞ ሲገባ አገኘን። ቀኝ እጁ ወዲያው ኪሱ ገባ፤ ከዚያ የአባቱን ፊት አየ፣ የኔን አየ፣ እጁን አወጣው። ይርገበገባል። መደበቁን ተወው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ገመድ መያዝ ያቅትሃል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አዎ ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ።»

«አላወቅኩም እኮ። ብትነግረኝ...»

«ብነግርሽ ቀዳዳውን ትበሺልኝ ነበር። ከዚያስ? ማንኪያውንስ?» ወደ አባቱ ዞረ፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «እናቴ አሥራ ሁለት ዓመት አጎረሰችው። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ምግብ ሳይቀዘቅዝ አልበላችም። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ። እኔ ማንኪያው ነው የገደላት እላለሁ። አንቺን እንደዛ አላደርግሽም። ሂጂልኝ።»

«አልሄድም።»

«ስወድሽ ነው ሂጂ የምልሽ» አለኝ። «ሳልጠላሽ ሂጂ።»

ሄድኩ። ምን ላድርግ። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ አንዲት የማላውቃት ሴት መሐረብ ሰጠችኝ። እርሜን ላወጣ ሞከርኩ፣ እውነቴን ነው። ማንኪያውን አሰብኩት፣ አሥራ ሁለት ዓመቱን አሰብኩት፣ ፈራሁ። ያልፈራሁ መስዬ ላወራ አልፈልግም።

ጠዋት ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። «ለሰው አስታማሚ ሁኚ ብዬ አልወለድኩሽም» አለች። አልተቆጣችም፤ ለዚህ ነው የከበደኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ቢሮ ማንም ሳይገባ ገባሁና ንድፉን ከፈትኩት። ቦታ የለም ያልኩበትን ያንን ቦርድ። ቺፑን ከነበረበት አንስቼ ሰያፍ አዞርኩት። በሕይወቴ ቺፕ ሰያፍ አስቀምጬ አላውቅም፤ የሰከረ ሰው የነደፈው ነው የሚመስለው እያልኩ በሌሎች ስስቅ ኖሬያለሁ። ሲዞር መስመሮቹ ሁሉ ላላ አሉ። አራት ሚሊሜትር ተገኘ። አራቱ ቀዳዳ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። ቦታው ከመጀመሪያውም ነበረ፤ የተቀመጠበት ኩራቴ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አለቃችን ሲገቡ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ገመናውን አልገለጥኩም፤ የኔ አልነበረም። ቦርዶቹን የገደለው ፕሮግራሙ አይደለም፣ የመረጥኩት ማገናኛ ነው አልኳቸው፤ ባለ እግሩን ሦስት ጊዜ ለምኖኝ ነበር፣ ቦታ ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን ሳላይ ነው የለም ያልኩት። ቀጣዩ ዙር የሚታተምበትን አዲሱን ንድፍ አሳየኋቸው። ቅዳሜ መኪና ይመጣል፣ ሦስት መቶ ስድሳ ቦርድ ባዶውን ተቀምጧል፣ አሁን ንድፍ ምን ያደርግልኛል አሉ። እሱ ኮምፒውተሩን ይያዝ፣ እኔ ገመዱን እይዛለሁ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሲጨንቃቸው እንዲያ ያደርጋሉ።

ቁልፍ ሊያስረክብ ሲመጣ ትንሿ ክፍል ውስጥ አገኘኝ። ገመዱን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ሦስት መቶ ስድሳዎቹ ፊቴ ተደርድረዋል። በሩ ላይ ቆመ። ከታች የጎማ መደብሩ መዶሻ ይሰማል። የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

ቀኑን ሙሉ ሁለት ቃል ብቻ ተነጋገርን። «በይ» ይላል፤ ነጥቦቹ ላይ እጫናለሁ፤ «ያዝኩ» እላለሁ። በግራ እጁ ይልካል። አንድ ደቂቃ አልነቃነቅም። አረንጓዴ መብራት ይበራል። ቀጣዩ። በይ። ያዝኩ። ከሰዓት በኋላ ጣቴ ደነዘዘ፣ ትከሻዬ ተቆረጠ፣ ግን አንድ ቦርድ አልሞተም። አልፎ አልፎ ወደ እጄ ሲያይ ይታወቀኛል። ቀና አልልም፤ ቀና ካልኩ እጄ ይናወጣል።

ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ ሃያ ያህል ሲቀሩን፣ ማያ ገጹን እያየ ተናገረ።

«እነዚህ ያልቃሉ። ከዚያስ?»

አዲሱን ንድፍ አትሜ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። በነጻው እጄ አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁት። የመጀመሪያውን ቀን ቦርዴን እንዳነበበው አነበበው፤ ከዳር እስከ ዳር። አራቱ ቀዳዳ ላይ ቆየ።

«ቺፑን ሰያፍ አዞርሽው።»

«አዎ።»

«ያስጠላል።»

«በጣም» አልኩት። «የማንኪያውን ነገር አስቤበታለሁ። ፈርቻለሁ። ቀዝቃዛ ምግብ ደግሞ ድሮም እወዳለሁ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ተሰበረ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ገመዱን በያዘው እጄ ላይ አሳረፈው። ይንቀጠቀጣል፤ ሙቀቱ እስከ ክርኔ ተሰማኝ። ገመዱ ተንሸራተተ። ጭስ ሽው አለ፣ የተቃጠለ ቺፕ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እጁን አላነሳም። እኔም አላስነሳሁትም። በሁለት ቀን የሞተብን ቦርድ እሱ ብቻ ነው።

ሽታውን ተከትለው አለቃችን መጡ፤ እትዬ ብየዳ ከኋላቸው። ምን ገደለው አሉ። እጄ አዳልጦኝ ነው አልኩና ቢጫውን ካርድ ለመጻፍ ሳብኩት። ባለ ኪሱ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። በቀኝ እጁ። ካርዱን በግራው ጫን አድርጎ መጻፍ ጀመረ። የእጅ ጽሑፉን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፊደሉ ይሰበራል፣ ከመስመሩ ይወጣል፣ ይመለሳል። አንድ ፊደል ለመጨረስ ትንፋሹን ይይዛል። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ሲጨርስ ለአለቃችን ዘረጋላቸው።

«እጄ ይንቀጠቀጣል። እየባሰ ይሄዳል» ይላል።

አለቃችን አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ስንት ቀራችሁ አሉ። አሥራ ዘጠኝ አልኩ። ቁልፉን ይዞ ይቆይ፣ ቶሎ ጨርሱ አሉና ወጡ። እትዬ ብየዳ ወደ ብረታቸው ተመለሱ፤ ጀርባቸው ሲነቀነቅ በበሩ አየሁ። ያ ካርድ ዛሬም እኔ ጋ አለ።

እሑድ እኛ ቤት መጣ። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ በር ላይ ቆሜ ዘጋሁለት፤ ጎረቤት ያያል አላልኩም። እናቴ ተቀበለችው፤ አዲሱን ቀሚስ ግን አልለበሰችም። ስለ መንገዱ ጠየቀችው፣ ስለ አባቱ ጤና ጠየቀችው፣ ለእንግዳ የሚባለውን ሁሉ አለች። ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆውን ሙሉ አደረገችው። ግማሽ እንዲሆን ልናገር አፌን ስከፍት እሱ በዓይኑ አስቆመኝ። ሁለቱንም እጁን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ጠረጴዛው ተርገፈገፈና ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር መንኳኳት ጀመረ፤ ሻዩ እየዘለለ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ።

እናቴ እጆቹን አየች። ትኩር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ብድግ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባችና ቆየች። ተመልሳ ልትሸኘው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። እሱም እንደዚያ ሳይመስለው አልቀረም፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

ስትመለስ የአባቴን ኩባያ ይዛለች። ሁለት ጆሮ ያለው፣ ሰፊ፣ አባቴ ከሞተ ማንም ያልጠጣበት። ከብርጭቆው የቀረውን ሻይ ገለበጠችበት፣ ከማንቆርቆሪያው ጨመረችበት፤ የአንድ ሙሉ ብርጭቆ ሻይ ኩባያው ውስጥ ግማሽ ሆነ። ከፊቱ አስቀመጠችለት።

«በዚህ ጠጣ» አለችው። «በዚህ አይፈስም።»